እርግዝና ከመታወቁ በፊት የተወሰደ መድኃኒት

እርግዝና ከመታወቁ በፊት የተወሰደ መድኃኒት ሲባል አንዲት ሴት ማርገዟን ሳታውቅ የዋጠችው፣ የተወጋችው ወይም በሌላ መንገድ የተጠቀመችው ማንኛውም መድኃኒት ማለት ነው። ሁኔታው በጣም የተለመደ ነው። የሽንት ምርመራ እርግዝናን በአስተማማኝ ሁኔታ የሚያሳየው የወር አበባ ከቀረ በኋላ ሲሆን፣ በዓለም ላይ ከሚከሰቱት እርግዝናዎች ግማሽ የሚጠጉት ደግሞ ያልታቀዱ ናቸው። በመሆኑም ለራስ ምታት፣ ለወባ፣ ለጨጓራ ወይም ለኢንፌክሽን መድኃኒት የወሰዱ ብዙ ሴቶች ከሳምንታት በኋላ ማርገዛቸውን ሲያውቁ ጽንሱ ተጎድቶ ይሆናል የሚል ጭንቀት ያድርባቸዋል።

በአብዛኛው ጭንቀቱ ከእውነተኛው አደጋ ይበልጣል። በጥቅም ላይ ካሉት መድኃኒቶች መካከል በጽንስ ላይ ከባድ የአካል ጉድለት እንደሚያስከትሉ በማስረጃ የተረጋገጡት ጥቂት ናቸው። የእነዚህም ጉዳት ቢሆን በመድኃኒቱ ዓይነት፣ በመጠኑ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደተወሰደና ከሁሉም በላይ በየትኛው የጽንስ ዕድሜ እንደተወሰደ ይለያያል። በሌላ በኩል በድንጋጤ አስፈላጊ መድኃኒትን ማቋረጥ ወይም ተፈላጊ እርግዝናን ማቋረጥ ራሱን የቻለ ጉዳት ነው።

የእርግዝና ዕድሜ አቆጣጠር

አንድ መድኃኒት በየትኛው የጽንስ ዕድሜ እንደተወሰደ ለማወቅ አስቀድሞ የአቆጣጠሩን ዘዴ መረዳት ያስፈልጋል። በሕክምና የእርግዝና ዕድሜ የሚቆጠረው ጽንሱ ከተፈጠረበት ቀን ሳይሆን የመጨረሻው የወር አበባ ከጀመረበት የመጀመሪያ ቀን አንሥቶ ነው። የወር አበባ ዑደቷ 28 ቀን በሆነ ሴት እንቁላል የሚወጣው በ14ኛው ቀን ገደማ ስለሆነ፣ ጽንሱ የሚፈጠረው በአቆጣጠሩ ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ ነው። "የአራት ሳምንት እርጉዝ" ስትባል ጽንሱ በእርግጥ የሁለት ሳምንት ዕድሜ ብቻ አለው።

በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ስሌቱ ቀላል ነው፤ ወሮቹ እያንዳንዳቸው 30 ቀን ስላላቸው 280 ቀን ማለት ዘጠኝ ወር ከአስር ቀን ነው። በመካከል ጳጉሜን ካለች ከአስሩ ቀን ላይ አምስት ወይም ስድስት ቀን ይቀነሳል። ለምሳሌ የመጨረሻ የወር አበባዋ መስከረም 1 ቀን የጀመረ ሴት፦

- ጽንሱ የሚፈጠረው መስከረም 15 ገደማ ነው፤
- የዳበረው እንቁላል ከማኅፀን ግድግዳ ጋር መጣበቅ የሚጀምረው ከመስከረም 21 እስከ 25 ባለው ጊዜ ነው፤
- ቀጣዩ የወር አበባ የሚጠበቀው መስከረም 29 ሲሆን፣ ሲቀር ምርመራው ውጤት ያሳያል፤
- አንጎልና ሕብለሰረሰር የሚሠሩበት የነርቭ ቧንቧ የሚዘጋው ጥቅምት 13 ገደማ ነው፤
- የመውለጃዋ ግምት ሰኔ 11 ነው።

ይህች ሴት ከመስከረም 8 እስከ 14 አንቲባዮቲክ ወስዳ ከሆነ፣ በሕክምና ካርዷ ላይ "በሁለተኛው ሳምንት እርግዝና" ተብሎ ቢጻፍም መድኃኒቱን የጨረሰችው ጽንሱ ከመፈጠሩ በፊት ነው። ብዙ ጊዜ ጭንቀት የሚፈጠረው ሁለቱ አቆጣጠሮች ሲምታቱ ነው። የወር አበባዋ የሚዛባባት ወይም የመጨረሻውን ቀን የማታስታውስ ሴት ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በሚደረግ አልትራሳውንድ የጽንሱን ዕድሜ ከጥቂት ቀናት ባልበለጠ ልዩነት ማወቅ ትችላለች።

የጽንስ ዕድገትና የአደጋው ልዩነት

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት

ጽንሱ ከተፈጠረ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ያለው ጊዜ በሕክምና መጻሕፍት "ወይ ሁሉም ወይ ምንም" የሚባለው ነው። በዚህ ወቅት ጽንሱ ገና ሥራቸው ያልተለየ ሕዋሳት ስብስብ ነው። ጎጂ ነገር ብዙ ሕዋሳትን ካጠፋ ጽንሱ አይጸናም፤ ሴትየዋም ምናልባት ማርገዟን እንኳ ሳታውቅ የወር አበባዋ ይመጣል። የተጎዱት ሕዋሳት ጥቂት ከሆኑ ደግሞ የቀሩት ሕዋሳት ተክተዋቸው ጽንሱ በጤና ያድጋል። ከዚህም በላይ እንቁላሉ ከማኅፀን ግድግዳ ጋር እስኪጣበቅ ድረስ ከእናቱ ደም ጋር የሚያገናኘው መስመር የለውም። ስለዚህ የወር አበባ ከመቅረቱ በፊት የተወሰደ መድኃኒት እርግዝናው ከቀጠለ የአካል ጉድለት የማስከተል ዕድሉ በጣም ዝቅተኛ ነው። ከዚህ ደንብ የሚወጡት ከሰውነት ሳይወጡ ለረጅም ጊዜ የሚቆዩ ጎጂ መድኃኒቶች ናቸው።

ከሦስተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት

ጽንሱ ከተፈጠረ ከሦስተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት፣ ማለትም በሕክምና አቆጣጠር ከአምስተኛው እስከ አስረኛው ሳምንት፣ ዋና ዋና የአካል ክፍሎች የሚሠሩበት ጊዜ ነው። ልብ በ22ኛው ቀን ገደማ መምታት ይጀምራል፤ የነርቭ ቧንቧው በ28ኛው ቀን ገደማ ይዘጋል፤ የእጅና የእግር እምቡጦችም በአራተኛውና በአምስተኛው ሳምንት ይወጣሉ። የአካል ጉድለት የሚያስከትሉ መድኃኒቶች፣ በሳይንሳዊ ስማቸው ቴራቶጅኖች፣ ጉልህ ጉዳት የሚያደርሱት በዋናነት በዚህ ወቅት ነው። አንድ የአካል ክፍል ተሠርቶ ካለቀ በኋላ የተወሰደ መድኃኒት ያንን ክፍል ወደ ኋላ ተመልሶ ሊያበላሽ አይችልም። ለምሳሌ የነርቭ ቧንቧው ከተዘጋ በኋላ የተወሰደ መድኃኒት ስፓይና ቢፊዳ የሚባለውን የሕብለሰረሰር አለመዘጋት አያመጣም።

ከዚያ በኋላ

ከሁለተኛው ሦስት ወር ጀምሮ ጽንሱ በዋናነት ያድጋል፤ አንጎል፣ ኩላሊት፣ ጥርስና ሳንባም እየጎለመሱ ይሄዳሉ። በዚህ ጊዜ የሚደርስ ጉዳት በአብዛኛው የአሠራር እንጂ የቅርጽ አይደለም። ለደም ግፊት የሚሰጠው ኢናላፕሪልና ተመሳሳዮቹ ለምሳሌ ይበልጥ የሚጎዱት በሁለተኛውና በሦስተኛው ሦስት ወር የጽንሱን ኩላሊት ነው። ስለዚህ እርግዝናው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ታውቆ መድኃኒቱ በሌላ ከተተካ ዋናው አደጋ ይወገዳል።

መድኃኒት ከሰውነት የሚወጣበት ጊዜ

አንድ መድኃኒት በደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ እስኪቀንስ የሚወስደው ጊዜ የመድኃኒቱ ግማሽ ዕድሜ ይባላል። ከአንድ ግማሽ ዕድሜ በኋላ 50 ከመቶ፣ ከሁለት በኋላ 25 ከመቶ፣ ከአምስት በኋላ ደግሞ 3 ከመቶ ያህል ብቻ ይቀራል። በዚህ ስሌት ግማሽ ዕድሜው ሁለት ሰዓት ያህል የሆነው ኢቡፕሮፌን በአስር ሰዓት ገደማ፣ 20 ሰዓት ያህል የሆነው ዶክሲሳይክሊን ደግሞ በአራት ቀን ገደማ ከደም ውስጥ ይወጣል ማለት ነው። ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ መስከረም 14 ያለቀ ዶክሲሳይክሊን መስከረም 18 ላይ ከሰውነት ወጥቷል፤ እንቁላሉ ግን ገና ከማኅፀን አልተጣበቀም።

ረጅም ጊዜ መቆየት ብቻውን ጉዳት ማለት አይደለም። የወባ መድኃኒት የሆነው ክሎሮኪን ለሳምንታት በሰውነት ውስጥ ይቆያል፤ ነገር ግን ለወባ በሚሰጠው መጠን በእርግዝና ወቅትም የሚታዘዝ መድኃኒት ነው። በተቃራኒው ለቆዳ በሽታ የሚሰጠው አሲትሬቲን ጎጂም ረጅም ቆይታ ያለውም በመሆኑ ከቆመ በኋላ ለሦስት ዓመት እርግዝናን መከላከል ያስፈልጋል።

የታሊዶማይድ ጥፋት

መድኃኒት በጽንስ ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት ያለው ዘመናዊ ጥንቃቄም ፍርሃትም በአብዛኛው የመነጨው ከታሊዶማይድ ነው። ይህ የእንቅልፍና የማረጋጊያ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1957 በምዕራብ ጀርመን ለገበያ ቀርቦ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይሸጥ ነበር፤ ለእርጉዝ ሴቶች ማቅለሽለሽም ይሰጥ ጀመር። ብዙም ሳይቆይ እጅና እግራቸው ያጠረ ወይም ጨርሶ ያልወጣ ሕፃናት መወለድ ጀመሩ። ጀርመናዊው የሕፃናት ሐኪም ቪዱኪንድ ሌንስና አውስትራሊያዊው የማኅፀን ሐኪም ዊልያም ማክብራይድ በየበኩላቸው ከመድኃኒቱ ጋር ያለውን ግንኙነት አሳወቁ፤ በኅዳር 1961 (እ.ኤ.አ.) መድኃኒቱ ከጀርመን ገበያ ተነሣ። በዓለም ዙሪያ ከ10,000 በላይ ሕፃናት እንደተጎዱ ይገመታል።

በአሜሪካ በምግብና መድኃኒት አስተዳደር ትሠራ የነበረችው ፍራንሲስ ኬልሲ የቀረበላት የደኅንነት ማስረጃ በቂ አይደለም ብላ ፈቃድ በመከልከሏ በዚያ አገር መድኃኒቱ ለሽያጭ አልበቃም። በ1962 የወጣው የአሜሪካ ሕግም መድኃኒት አምራቾች ከደኅንነት በተጨማሪ ፈዋሽነትን በማስረጃ እንዲያረጋግጡ አስገደደ።

ታሊዶማይድ ለሳይንስ ትቶ ያለፈው ሌላው ትምህርት የጊዜ ጉዳይ ነው። ጉዳቱ የደረሰው መድኃኒቱ ጽንሱ ከተፈጠረ ከ20ኛው እስከ 36ኛው ቀን ገደማ ባለው ጠባብ ጊዜ ሲወሰድ ነበር። በዚህ ጊዜ ውስጥ አንድ ፍሬ እንኳ በቂ ነበር። ቀድመው የወሰዱት የጆሮ፣ ቀጥሎ የእጅ፣ ዘግይተው የወሰዱት ደግሞ የእግር ጉድለት ያለባቸው ልጆች ወለዱ። ከዚህ ጊዜ ውጭ ብቻ የወሰዱ እናቶች ልጆች በአብዛኛው ያለ እነዚህ ጉድለቶች ተወለዱ።

መነሻ አደጋ

ምንም ዓይነት መድኃኒት ሳይወሰድ እንኳ ከ100 ሕፃናት ሦስት ያህሉ ከባድ የአካል ጉድለት ይዘው ይወለዳሉ፤ ከታወቁ እርግዝናዎችም ከ10 እስከ 20 ከመቶ የሚሆኑት ጽንሱ በራሱ ጊዜ በመጨንገፉ ያበቃሉ። ይህ መነሻ አደጋ ይባላል። የብዙዎቹ ጉድለቶች ምክንያት አይታወቅም፤ ቀሪዎቹ በዘር ውርስ፣ በእናት ሕመም፣ በኢንፌክሽን ወይም በምግብ እጥረት ይመጣሉ። በመድኃኒት ምክንያት የሚከሰቱት ከጠቅላላው ትንሽ ክፍል ብቻ ናቸው።

መነሻ አደጋን አለማወቅ ሁለት ስሕተት ያስከትላል። አንደኛው፣ ጽንስ ሲጨነግፍ ወይም ሕፃን ጉድለት ይዞ ሲወለድ እናቲቱ ከሳምንታት በፊት የዋጠችውን ክኒን ምክንያት አድርጋ ራሷን መውቀሷ ነው። ሁለተኛው፣ "አደጋውን በእጥፍ ይጨምራል" የሚል አባባል ሲሰማ የሚፈጠረው ድንጋጤ ነው። ከ1,000 አንድ ሕፃን ላይ የሚታይ ጉድለት በእጥፍ ቢጨምር ከ1,000 ሁለት ይሆናል፤ 998ቱ አሁንም ያ ጉድለት የለባቸውም።

በብዛት የሚያጋጥሙ መድኃኒቶች

እርግዝና ሳይታወቅ በብዛት ከሚወሰዱት መድኃኒቶች መካከል የሚከተሉት ይገኛሉ።

- ፓራሲታሞል፦ በእርግዝና ወቅት ለሕመምና ለትኩሳት በቅድሚያ የሚመረጥ ማስታገሻ ነው።
- ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ፦ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለጥቂት ቀናት መውሰዳቸው የአካል ጉድለት እንደሚያስከትል ጠንካራ ማስረጃ የለም። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ግን የጽንሱን ኩላሊትና የሽርት ውኃ መጠን፣ ወደ መጨረሻውም የልብ አካባቢ የደም ሥሩን ሊጎዱ ስለሚችሉ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰዱም።
- አሞክሲሲሊንና ሌሎች የፔኒሲሊን ወገኖች፦ በእርግዝና ወቅትም የሚታዘዙ ናቸው።
- ሜትሮኒዳዞል፦ ለአሜባና ለጃርዲያ በሰፊው ይወሰዳል፤ በርካታ ጥናቶች የአካል ጉድለትን እንደሚጨምር አላሳዩም።
- ዶክሲሳይክሊንና ቴትራሳይክሊን፦ የሚታወቀው ጉዳታቸው የልጁን ጥርስ ማወየብ ሲሆን፣ ይህም የጥርስ መጠንከር ከሚጀምርበት ከአራተኛው ወር በኋላ ሲወሰዱ የሚመጣ ነው።
- አልቤንዳዞል፦ የዓለም ጤና ድርጅት ለእርጉዞች እንዲሰጥ የሚመክረው ከመጀመሪያው ሦስት ወር በኋላ ነው። ሳይታወቅ የተወሰደ ነጠላ መጠን ግን እርግዝናን ለማቋረጥ ምክንያት አይሆንም።
- የወባ መድኃኒት፦ የአርቴሜተርና የሉሜፋንትሪን ድብልቅ (ኮአርተም) ቀደም ሲል በመጀመሪያው ሦስት ወር በኪኒን እንዲተካ ይመከር ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በኅዳር 2022 (እ.ኤ.አ.) የተሰበሰቡትን ማስረጃዎች መርምሮ በመጀመሪያው ሦስት ወርም እንዲሰጥ መክሯል። ያልታከመ ወባ ግን ለእናትም ለጽንስም አደገኛ ነው። ፕሪማኪን በእርግዝና ወቅት አይሰጥም።
- የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን፣ የሦስት ወር መርፌና ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ፦ እርግዝና ከተፈጠረ በኋላ ሳይታወቅ ቢወሰዱ የአካል ጉድለት እንደማያስከትሉ ጥናቶች ያሳያሉ። ድንገተኛው መከላከያ የተፈጠረ እርግዝናንም አያቋርጥም።
- የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቶች፦ ኢሶኒያዚድ፣ ሪፋምፒሲንና ኢታምቡቶል በእርግዝና ወቅትም ይቀጥላሉ። የጽንሱን የመስማት ችሎታ ሊጎዳ የሚችለው ስትሬፕቶማይሲን ግን አይሰጥም።

ልዩ ጥንቃቄ የሚሹ መድኃኒቶች

የሚከተሉትን መድኃኒቶች የወሰደች ሴት ማርገዟን እንዳወቀች ሳትዘገይ ሐኪም ማነጋገር ይኖርባታል።

- አይሶትሬቲኖይን፦ ለከባድ ብጉር የሚሰጥ ክኒን ሲሆን፣ ጆሮን፣ ልብንና አንጎልን የሚነካ ከባድ ጉድለት ያስከትላል። ከቆመ በኋላም አንድ ወር እስኪሞላ ማርገዝ አይመከርም።
- ቫልፕሮዬት፦ ለሚጥል በሽታና ለአእምሮ ሕመም ይሰጣል። በእርግዝና ወቅት ከወሰዱ እናቶች ከተወለዱ 10 ልጆች አንዱ ያህል የአካል ጉድለት፣ ከ30 እስከ 40 ከመቶ የሚሆኑት ደግሞ የአእምሮ ዕድገት ችግር ይታይባቸዋል።
- ሜቶትሬክሴት፦ ለመገጣጠሚያ ሕመምና ለካንሰር የሚሰጥ ሲሆን የፎሊክ አሲድን ሥራ ይገታል።
- ዋርፋሪን፦ የደም ማቅጠኛ ነው፤ በሕክምና አቆጣጠር ከስድስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ሲወሰድ የአፍንጫና የአጥንት ጉድለት ሊያመጣ ይችላል። ከዚያ በፊት ታውቆ በመርፌ በሚሰጥ ሌላ ማቅጠኛ ከተተካ አደጋው በእጅጉ ይቀንሳል።
- ሚሶፕሮስቶል፦ እርግዝናን ለማቋረጥ ተወስዶ እርግዝናው ከቀጠለ የእጅና የእግር ጉድለት እንዲሁም የፊት ነርቭ ሽባነት የማስከተል ዕድል አለው።

በእነዚህም ቢሆን "አደጋ አለው" ማለት "ሁሉም ልጅ ይጎዳል" ማለት አይደለም። ቫልፕሮዬት ከወሰዱ እናቶች የሚወለዱ አብዛኞቹ ልጆች የአካል ጉድለት የለባቸውም።

በራስ ውሳኔ መቋረጥ የሌለባቸው መድኃኒቶች

ማርገዟን ያወቀች ሴት በመጀመሪያ የሚመጣላት ሐሳብ የምትወስደውን ሁሉ ማቆም ሊሆን ይችላል። ለማስታገሻ ይህ ብዙም ችግር የለውም፤ ለረጅም ጊዜ ሕመም ለሚወሰዱ መድኃኒቶች ግን አደገኛ ነው። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ተከታታይ መንቀጥቀጥ ሊያስነሣና የእናትንም የጽንስንም ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። ይህ ቫልፕሮዬትንም ይጨምራል፤ መቀየር ካለበት በሐኪም ክትትል እንጂ በአንድ ሌሊት አይደለም። ያልተቆጣጠሩት የስኳር በሽታ ራሱ የልብና የነርቭ ቧንቧ ጉድለት ከሚያስከትሉ ነገሮች አንዱ በመሆኑ ኢንሱሊን ማቆም ጽንሱን አይጠብቀውም። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ማቋረጥ ቫይረሱ ወደ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉን ይጨምራል። የአስም፣ የደም ግፊት፣ የእንቅርትና የድባቴ መድኃኒቶችም እንዲሁ ከሐኪም ጋር ተመክሮባቸው ይቀጥላሉ ወይም ይቀየራሉ።

የዶልቴግራቪር ጉዳይ

ስለ መድኃኒትና እርግዝና ያለው ዕውቀት እንዴት እንደሚለዋወጥ በአፍሪካ ከታዩት ምሳሌዎች ጉልሁ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት የሆነው ዶልቴግራቪር ነው። በቦትስዋና በሚካሄድ ጥናት በግንቦት 2018 (እ.ኤ.አ.) የተገኘ ጊዜያዊ ውጤት፣ ሲያረግዙ ይህን መድኃኒት ይወስዱ ከነበሩ 426 ሴቶች በአራቱ ልጆች ላይ የነርቭ ቧንቧ ጉድለት እንደታየ አሳወቀ። ይህም 0.94 ከመቶ ሲሆን፣ ሌላ መድኃኒት ከሚወስዱት ጋር ሲነጻጸር በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። በዚህ ምክንያት በርካታ አገሮች መውለድ ለሚችሉ ሴቶች መድኃኒቱን መስጠት ገደቡ፤ መድኃኒቱን ሲወስዱ ያረገዙ ሴቶችም በስጋት ቆዩ።

ጥናቱ ቀጥሎ ብዙ ወሊዶች ሲመዘገቡ ግን መጠኑ ወረደ። በ2019 ከ1,683 ወሊዶች በአምስቱ፣ ማለትም በ0.30 ከመቶ ብቻ ታየ። የዓለም ጤና ድርጅትም በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር መድኃኒቱ ለሁሉም፣ መውለድ ለሚችሉ ሴቶች ጭምር፣ በቀዳሚነት እንዲሰጥ መከረ። በኋላ የተሰበሰበው መረጃ ከሌሎቹ መድኃኒቶች ጋር ያለው ልዩነት መጥፋቱን አሳይቷል። ጥቂት ቁጥር ላይ የተመሠረተ የመጀመሪያ ምልክት ለጥንቃቄ እንጂ ለመጨረሻ ፍርድ አይበቃም።

ፍርሃትና የአደጋ ግምት

በካናዳ ቶሮንቶ እ.ኤ.አ. በ1989 የታተመ ጥናት፣ ጉዳት እንደሌላቸው የሚታወቁ መድኃኒቶችን የወሰዱ እርጉዝ ሴቶች ልጃቸው ከባድ ጉድለት ይዞ የመወለድ ዕድሉን በአማካይ ወደ ሩብ የሚጠጋ አድርገው እንደገመቱት አሳይቷል። ይህ ከመነሻ አደጋው በብዙ እጥፍ የሚበልጥና ለታሊዶማይድ ከሚሰጠው ግምት የማይተናነስ ነው። ትክክለኛ መረጃ ከተሰጣቸው በኋላ ግምታቸው ቀንሷል።

የተጋነነ ፍርሃት ያስከተለው ጉዳት ከመድኃኒት ውጭም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1986 የቸርኖቤል የኑክሌር ጣቢያ አደጋ ከደረሰ በኋላ፣ የጨረሩ መጠን ጽንስን የሚጎዳ ባልነበረባት ግሪክ ወደ 2,500 የሚጠጉ እርግዝናዎች በፍርሃት ምክንያት እንደተቋረጡ በጥናት ተገምቷል። የእርግዝናና የመድኃኒት መረጃ የሚሰጡ ተቋማት መድኃኒት መውሰድ ብቻውን እርግዝናን ለማቋረጥ የሕክምና ምክንያት እንዳልሆነ የሚያሳስቡት በዚህ ምክንያት ነው።

የተሳሳተ ግምት ከመድኃኒት ማሸጊያም ሊመነጭ ይችላል። ብዙ አምራቾች ማስረጃ ባይኖርም ለጥንቃቄ ሲሉ "በእርግዝና ወቅት አይወሰድ" ብለው ይጽፋሉ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ1979 ያወጣው ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ እና ኤክስ የተባሉ የፊደል ምድቦችም ሰዎች እንደ ፈተና ውጤት ደረጃ አድርገው ስለወሰዷቸው ከ2015 ጀምሮ በዝርዝር ማብራሪያ እየተተኩ ሄደዋል። በ"ሲ" ምድብ የነበረ መድኃኒት ብዙ ጊዜ በሰው ላይ በቂ ጥናት ያልተደረገበት እንጂ ጎጂነቱ የተረጋገጠ አልነበረም።

በኢትዮጵያ ያለው ሁኔታ

በኢትዮጵያ አንቲባዮቲክን ጨምሮ ብዙ መድኃኒቶች ያለ ሐኪም ማዘዣ ከመድኃኒት ቤት ይገዛሉ፤ አንዳንዴም ከቤተሰብ ወይም ከጎረቤት የተረፈ ክኒን ይወሰዳል። በዚህ ጊዜ የተወሰደው ምን እንደሆነ የሚናገር ካርድ አይኖርም። የሦስት ወር መርፌ የሚጠቀሙ ሴቶች ደግሞ የወር አበባቸው ሊጠፋ ስለሚችል፣ ቀጠሮ አሳልፈው ቢያረግዙ የወር አበባ መቅረት ምልክት አይሆናቸውም፤ እርግዝናውም ዘግይቶ ይታወቃል።

የባህል መድኃኒትም መድኃኒት ነው። ለኮሶ ትል የሚጠጣው ኮሶ በእርግዝና ወቅት መወሰድ የለበትም፤ ጤና አዳምም ለቡና ማጣፈጫ ከሚገባው ቅጠል አልፎ ተጨምቆ በብዛት መጠጣቱ አይመከርም። መጠናቸው ስለማይለካ ጉዳታቸውን መገመት ከፋብሪካ ክኒን ይልቅ ይከብዳል። ብዙ ሴቶች ሐኪም እንዳይቆጣቸው በመስጋት የባህል መድኃኒት መውሰዳቸውን አይናገሩም፤ ይህ ግን ትክክለኛ ምክር እንዳያገኙ ያደርጋል።

የነርቭ ቧንቧ ጉድለት በኢትዮጵያ በብዛት እንደሚታይ ጥናቶች ያመለክታሉ፤ ዋነኛው መከላከያም ፎሊክ አሲድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ማርገዝ የምታስብ ሴት ከእርግዝና በፊት ጀምራ እስከ 12ኛው ሳምንት በቀን 400 ማይክሮግራም እንድትወስድ ይመክራል። ቧንቧው ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን በሚያውቁበት ጊዜ ስለሚዘጋ ዘግይቶ የተጀመረ ፎሊክ አሲድ ይህን ጥቅም አይሰጥም።

የሚወሰዱ እርምጃዎች

መድኃኒት ወስዳ ማርገዟን ያወቀች ሴት የሚከተሉትን ብታደርግ ጉዳዩ በፍጥነት ይጣራል።

1. የመድኃኒቱን ስም፣ መጠንና የወሰደችበትን ቀን መጻፍ፤ ማሸጊያው ካለ አለመጣል። የንግድ ስሙ ብቻ የሚታወስ ከሆነ መድኃኒት ቤቱ ዋናውን ስም ሊነግራት ይችላል።
2. የመጨረሻው የወር አበባ የጀመረበትን ቀን ማስታወስና መድኃኒቱ በየትኛው የጽንስ ዕድሜ እንደተወሰደ ማስላት።
3. በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት ከሆነ ከመቋረጡ በፊት ሐኪሙን መጠየቅ።
4. ቅድመ ወሊድ ክትትል በመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት ውስጥ መጀመርና የወሰደችውን ሁሉ፣ የባህል መድኃኒትንና አልኮልን ጨምሮ፣ ሳይደብቁ መናገር። በገጠር የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወይም ጤና ጣቢያ የመጀመሪያው በር ነው።
5. የአካል ጉድለት ከሚያስከትሉት መድኃኒቶች አንዱ ተወስዶ ከሆነ ከ18ኛው እስከ 22ኛው ሳምንት ዝርዝር አልትራሳውንድ መነሣት። ይህ ምርመራ ብዙ ጉድለቶችን ያሳያል፤ ሁሉንም ግን አያሳይም።

በአሜሪካ፣ በእንግሊዝና በሌሎች የአውሮፓ አገሮች ስለ እርግዝናና መድኃኒት ብቻ ምክር የሚሰጡ የመረጃ ማዕከላት አሉ፤ በእነዚያ አገሮች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም በአስተርጓሚ ወይም በሐኪማቸው በኩል ሊጠይቁ ይችላሉ። በኢትዮጵያ ይህን ጥያቄ የማኅፀንና የጽንስ ሐኪም፣ አዋላጅ ነርስ ወይም ፋርማሲስት ይመልሳል።

ደግሞ ይዩ

- እርግዝና
- ጽንስ
- ታሊዶማይድ
- ፎሊክ አሲድ
- ቅድመ ወሊድ ክትትል